የዋግ ሊቅ፦ የሃሪ ማርሻል ዋርድ ሕይወትና ሥራ

ከአራት ኪሎ አደባባይ አንሥቶ ወደ ፒያሳ በሚወርደው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉ አሮጌ ግቢዎች ውስጥ ጽጌረዳ የክረምቱን ዝናብ ጠጥቶ ያቆጠቁጣል። ብዙም ሳይቆይ ግን በቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ፣ አንዳንድ ጊዜም ከቅጠሉ ሥር ብርቱካንማ ዱቄት ይታያል። የግቢው ባለቤት መድኃኒት ፍለጋ የሚነሣው በዚህ ጊዜ ነው። ገዝቶ ይረጫል፤ ደግሞም ይረጫል፤ ሆኖም ነጠብጣብ የያዘው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ከመርገፍ አይድንም። ነገሩ መድኃኒቱ ደካማ በመሆኑ ብቻ የመጣ አይደለም። ሕክምናው የተጀመረው በሽታው በሩን አልፎ ከቅጠሉ ሥጋ ውስጥ ከገባ በኋላ ስለሆነ ነው።

ሻጋታ ወደ ቅጠል የሚገባበትን በርና የሚገባበትን ሰዓት በጥንቃቄ ተከታትለው ካሳወቁት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ እንግሊዛዊው ሃሪ ማርሻል ዋርድ ነው። ዋርድ ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም። ይሁን እንጂ ስሙን ያስጠራው የመጀመሪያ ምርምሩ የተካሄደው መገኛዋ ኢትዮጵያ በሆነችው ተክል፣ ማለትም በቡና ላይ ነበር። ቡና ደግሞ ነጭ አበባው ሲፈነዳ አካባቢውን በመዓዛ የሚያውድ፣ በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል በየጓሮው የሚተከል ቁጥቋጦ ነው። ስለዚህ የዋርድን ሕይወት ማወቅ ለቡና ባለሙያም ሆነ ለአበባ አትክልተኛ እኩል ይጠቅማል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ዋርድ በመጋቢት ወር 1854 ሄርፎርድ በተባለችው የእንግሊዝ ከተማ ተወለደ። አባቱ የሙዚቃ ባለሙያ ነበር። ልጁ ያደገው በሊንከንና በኖቲንግሃም ሲሆን ወደ ከፍተኛ ትምህርት የገባው ከእኩዮቹ ዘግይቶ ነው። በ20 ዓመቱ ገደማ ለንደን ውስጥ ሳውዝ ኬንሲንግተን በሚባለው ሥፍራ ታዋቂው የሥነ ሕይወት መምህር ቶማስ ሃክስሌ የሚሰጠውን ትምህርት ተከታተለ። ቀጥሎም በማንቸስተር ኦወንስ ኮሌጅ ጥቂት ጊዜ ቆይቶ በ1876 የነፃ ትምህርት ዕድል በማግኘት ካምብሪጅ ወደሚገኘው ክራይስትስ ኮሌጅ ገባ። በ1879 በተፈጥሮ ሳይንስ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ።

በዚያን ዘመን የዕፀዋት ጥናት በእንግሊዝ አገር በአብዛኛው ተክልን መሰብሰብ፣ ማድረቅና መሰየም ነበር። ተክሉ እንዴት እንደሚተነፍስ፣ እንደሚመገብና እንደሚታመም በቤተ ሙከራ መመርመር የተስፋፋው በጀርመን አገር ነው። ዋርድም ይህን ስለተረዳ ከተመረቀ በኋላ ወደ ቩርዝቡርግ ሄዶ ከዝነኛው የዕፀዋት ሊቅ ከዩሊየስ ዛክስ ዘንድ ሠራ። ከዚያ እንደተመለሰ የእንግሊዝ መንግሥት ያልታሰበ ኃላፊነት አቀረበለት፤ ወደ ሴሎን፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ስሪ ላንካ፣ ሄዶ የቡናን በሽታ እንዲመረምር ነበር። ሥራውን ሲቀበል ገና ወጣት ነበር።

የሴሎን ቡና

ዋርድ ምን እንደጠበቀው ለመረዳት ጥቂት ወደኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ቡና ከኢትዮጵያ ወደ የመን ተሻግሮ፣ ከየመን ደግሞ በነጋዴዎች እጅ ወደ እስያ ደሴቶች ተሰራጨ። ከአገር ወደ አገር በሄደ ቁጥር የሚጓዘው ጥቂት ፍሬ ወይም ጥቂት ችግኝ ስለነበረ፣ በኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ ካለው ልዩ ልዩ ዘር ወደ ባሕር ማዶ የተሻገረው እጅግ ጠባብ የሆነ ክፍል ብቻ ነው። በሴሎን ደጋማ ኮረብታዎች ላይ በ19ኛው መቶ ዓመት ደኑ ተመንጥሮ ይኸው ጠባብ ዘር ያለ ማቋረጥ ተተከለ። በ1870ዎቹ መጨረሻ በቡና የተሸፈነው መሬት ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ደርሶ ነበር።

በ1869 በደሴቲቱ አንድ አውራጃ የቡና ቅጠል ከሥሩ ብርቱካንማ ዱቄት ለብሶ ታየ። ናሙናው ወደ እንግሊዝ ተልኮ የሻጋታ ሊቅ የነበረው ቄስ ማይልስ በርክሌ ከባልደረባው ከብሩም ጋር ሄሚሊያ ቫስታትሪክስ ብሎ ሰየመው። የመጀመሪያው ቃል የሻጋታው ብናኝ ዘር ግማሽ ገጹ ለስላሳ መሆኑን ሲያመለክት፣ ሁለተኛው ቃል በላቲን ቋንቋ አጥፊ ማለት ነው። ስሙ ትንቢት ሆነ። ዱቄቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደሴቲቱን አዳረሰ። በአማርኛ የቡና ቅጠል ዋግ የሚባለው በሽታ ይህ ነው።

ዋግ ዛፉን በአንድ ቀን አይገድልም። ቅጠሉ ያለ ጊዜው ይረግፋል፤ ዛፉ ያለ የሌለ ጉልበቱን አውጥቶ አዲስ ቅጠል ያበቅላል፤ እሱም ይረግፋል። ፍሬ የሚያፈራበት ስንቅ ስለሚያጣ ምርቱ ከዓመት ወደ ዓመት እየመነመነ ይሄዳል። የእርሻ ባለቤቶቹ አፈሩ ደክሞ ነው፣ አየሩ ተለውጦ ነው፣ ማዳበሪያ አንሶ ነው እየተባባሉ ይከራከሩ ነበር። ብዙዎቹ ዱቄቱን የዛፉ ድካም ምልክት እንጂ የድካሙ መነሻ አድርገው አልቆጠሩትም። ከዋርድ በፊት ኖራና ድኝ ደባልቆ ዛፉን መርጨት ተሞክሮ ነበር፤ ውጤቱ ግን አንድ ጊዜ ሲያስደስት ሌላ ጊዜ ሲያሳዝን ቆየ።

ሁለት ዓመት በቡና ማሳ

ዋርድ በ1880 ሴሎን ደርሶ ሥራውን ሲጀምር ተሐዋስያን በሽታ ያመጣሉ የሚለው ሐሳብ ራሱ ገና ጽኑ አከራካሪ ነበር። ሮበርት ኮክ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ያሳወቀው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በዕፀዋት በኩል ግን ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ የድንችና የስንዴ ሻጋታዎችን የሕይወት ዑደት ቀደም ብሎ ተከታትሎ መንገዱን ጠርጎት ነበር። ዋርድ ይህንኑ ዘዴ ወደ ቡናው አመጣ።

ብናኙን ዘር፣ ማለትም ስፖሩን፣ በውኃ ጠብታ ውስጥ አድርጎ በቡና ቅጠል ላይ አስቀመጠና ቀንና ሌሊት በማይክሮስኮፕ ተከታተለው። ስፖሩ ርጥበት ሲያገኝ እንደ ክር የቀጠነ ቡቃያ ያወጣል። ክሩ በቅጠሉ ገጽ ላይ እየዳኸ ይሄድና ቅጠሉ አየር ከሚያስገባባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አንዱን ሲያገኝ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ከገባ በኋላ በቅጠሉ ሕዋሳት መካከል እየተሰራጨ የተክሉን ምግብ ይመገባል። ከሳምንታት በኋላ በሥሩ በኩል ገጹን ሰብሮ እጅግ ብዙ አዲስ ስፖር ይዘራል። ጠብታ ከሌለ ስፖሩ አይበቅልም፤ ካልበቀለም አይገባም። ከገባ በኋላ ግን ከውጭ የሚረጭ ነገር አይደርስበትም።

ዋርድ በዚህ አላቆመም። ስፖሩ ከማሳ ወደ ማሳ እንዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ግሊሰሪን የተቀባ መስተዋት በየማሳው አንጠልጥሎ ነፋስ ያመጣውን ያጠምድ ነበር። በመስተዋቱ ላይ የዋጉን ስፖር ሲያገኝ በሽታው በአየር እንደሚጓዝ አረጋገጠ። ከተለመደው ስፖር ሌላ ሁለተኛ ዓይነት ስፖር መኖሩንም ደረሰበት። ይህ ሁለተኛው ዓይነት በቡና ላይ በሽታ አያስከትልም፤ ሻጋታው የሚያድርበት ሌላ ተክል አለ ከተባለም እስከ ዛሬ ድረስ አልተገኘም።

የመረረው ፍርድ

ሴሎን የነበሩት የእርሻ ባለቤቶች ከወጣቱ ሊቅ የጠበቁት መድኃኒት ነበር። ዋርድ በተከታታይ ባቀረባቸው ሪፖርቶች የሰጣቸው ግን የበሽታውን ትክክለኛ ታሪክ ነው። ኖራና ድኝ በቅጠሉ ላይ ያለውን ስፖር ሊገድል እንደሚችል፣ ወደ ውስጥ የዘለቀውን ግን እንደማይነካ አስረዳ። የረገፈ ቅጠል ተሰብስቦ እንዲጠፋ መከረ። ዋናው የመቅሠፍቱ ምክንያትም ሰው ራሱ የሠራው እንደሆነ አመለከተ፤ አንድ ዓይነት ተክል ያለ ደን፣ ያለ ነፋስ መከላከያ በኮረብታው ሁሉ ላይ ተዘርግቶ ስለተተከለ ሻጋታው የሚበላው አላጣም፤ ነፋሱም የሚያግደው አላገኘም። ይህን ለመለወጥ ዓመታት ይፈልጋል፤ ባለዕዳው ገበሬ ደግሞ ዓመታት አልነበሩትም።

ይህ ዓይነት መልስ ማንንም አያስደስትም። በሽተኛው ቤት ተጠርቶ የሄደ ሐኪም ሕመሙን በትክክል ነግሮ መድኃኒት ሳይሰጥ ሲወጣ የሚገጥመው ቅሬታ ምን እንደሚመስል የሙያው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዋርድ ላም አለኝ በሰማይ የሚያሰኝ ተስፋ ሰጥቶ ሊሸኛቸው ይችል ነበር፤ አላደረገውም። በ1882 ሥራውን አጠናቅቆ ሲመለስ የሴሎን ቡና ውድቀት እየተፋጠነ ነበር። በ1884 በቡናው ንግድ ብዙ ገንዘብ ያበደረው ኦሪየንታል ባንክ ተዘጋ። ገበሬዎቹ ቡናውን እየነቀሉ ሻይ ተከሉ፤ ደሴቲቱም በሻይ የታወቀችው ከዚያ ወዲህ ነው።

የታሪክ አጋጣሚ ሆኖ፣ የዋርድን ግኝት በተግባር የሚያውል መድኃኒት የተገለጸው እሱ ሴሎንን ከለቀቀ ከሦስት ዓመት በኋላ ነበር። በ1885 ፈረንሳዊው ፒየር ሚላርዴ የመዳብ ሰልፌትንና ኖራን በውኃ ደባልቆ የወይንን ሻጋታ መከላከያ አሳወቀ። ይህ የቦርዶ ድብልቅ የሚባለው ነው። ድብልቁ የታመመ ቅጠል አይፈውስም፤ በጤነኛ ቅጠል ላይ ቀድሞ ሲረጭ ግን ስፖሩ በጠብታው ውስጥ ሊበቅል ሲል ይገድለዋል። ዋርድ በማይክሮስኮፕ ያያት አጭር ሰዓት፣ ሚላርዴ የሚጠቀምባት ሰዓት ሆነች።

ከሊሊ አበባ እስከ ካምብሪጅ

ዋርድ ከሴሎን ሲመለስ በስትራስቡርግ ከደ ባሪ ዘንድ ጥቂት ጊዜ ሠርቶ ወደ ማንቸስተር ሄደ። በ1883 ሴሊና ኪንግደንን አገባ። በ1885 ኩፐርስ ሂል በተባለው ሥፍራ ለሕንድ አገር መሐንዲሶችና የደን ባለሙያዎች ሥልጠና በሚሰጠው ኮሌጅ የዕፀዋት ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ፤ በዚያም አሥር ዓመት አስተማረ። በ1888 የለንደን ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ተመረጠ።

በዚያው ዓመት ያሳተመው ጥናት በቀጥታ ለአበባ አትክልተኞች የሚመለከት ነው። በሊሊ አበባ ላይ ግራጫ ሻጋታ የሚያመጣውን ቦትራይተስ የተባለ ፈንገስ መርምሮ፣ ክሩ የሕዋሱን ግድግዳ የሚያሟሟ ፈሳሽ እያመነጨ መንገዱን እንደሚከፍት አሳየ። እንደ ዋግ ክፍት ቀዳዳ ፈልጎ የሚገባ ብቻ ሳይሆን በሩን ራሱ የሚሠራ ሻጋታ መኖሩ በዚህ ዓይነት ጥናት ታወቀ። ይኸው የቦትራይተስ ወገን ዛሬ በኢትዮጵያ የመስታወትና የፕላስቲክ ቤቶች ለውጭ ገበያ በሚበቅለው ጽጌረዳ ላይ ቀንደኛ ጠላት ነው።

ሌሎቹ ሥራዎቹም የሚናቁ አይደሉም። በእንግሊዝ ገበሬዎች ቤት የዝንጅብል መጠጥ የሚጠመቅበት እርሾ፣ አንድ የእርሾ ፈንገስና አንድ ባክቴሪያ ተደጋግፈው የሚኖሩበት ማኅበር እንደሆነ በ1892 አስረዳ። ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ባክቴሪያን በዋናነት የሚገድለው ሰማያዊውና ሐምራዊው ክፍል መሆኑንም በሙከራ አሳየ። ስለ ግንድና ስለ ዕፀዋት በሽታ የጻፋቸው መጻሕፍት ለተማሪም ለአትክልተኛም በሚገባ አቀራረብ የተዘጋጁ ነበሩ።

በ1895 ካምብሪጅ የዕፀዋት ፕሮፌሰር አድርጎ ጠራው። በዚያም ወደ ወጣትነቱ ጥያቄ ተመለሰ፤ አንዱ ተክል በዋግ ሲጠቃ ጎረቤቱ ለምን ይድናል የሚለው ነበር። ብሮም የተባለውን የሣር ወገን ልዩ ልዩ ዝርያዎች ወስዶ በዋግ ስፖር ፈተናቸው። የቅጠሉ ፀጉር ብዛትም ሆነ የቀዳዳው ስፋት መልሱን አልሰጠውም፤ የመቋቋም ኃይል ከተክሉ የውስጥ ኑሮ የሚመነጭ እንደሆነ ደመደመ። በዚያው በካምብሪጅ ሮላንድ ቢፈን በ1905 ስንዴ ዋግን የመቋቋም ጠባይ ከወላጅ ወደ ልጅ በሥርዓት እንደሚተላለፍ አሳወቀ። የሁለቱ ሥራ ሲገጣጠም ለዕፀዋት በሽታ ሌላ ዓይነት መከላከያ፣ ማለትም የተመረጠ ዘር፣ ብቅ አለ።

በ1904 ዋርድ ብዙ የደከመበት አዲሱ የካምብሪጅ የዕፀዋት ትምህርት ሕንፃ ተመረቀ። ግን ብዙ አልተጠቀመበትም። ጤንነቱ እየተቃወሰ ሄዶ በነሐሴ ወር 1906 በ52 ዓመቱ ቶርኪ በተባለው የባሕር ዳርቻ አረፈ። በካምብሪጅ ይማር የነበረው ልጁ ፍራንክ ኪንግደን-ዋርድ በአባቱ ሞት ምክንያት ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ቻይና ሄደ። በኋላም በሂማላያ ተራሮች ለብዙ ዓመታት እየተጓዘ፣ ሮዶደንድሮንን የመሳሰሉ የአበባ ቁጥቋጦዎችን ዘር ወደ ዓለም አትክልት ቦታዎች በመላክ ስመ ጥር ሆነ። አባት የዕፀዋትን በሽታ ሲመረምር፣ ልጅ ጤነኛ ሆነው የሚበቅሉበትን ተራራ ሲያስስ ኖረ ማለት ነው።

ወደ ቡናው አገር

የዋርድ ፍርድ ትክክለኛነት በጉልህ የታየው ግን እሱ ባላያት በኢትዮጵያ ነው። የቡና ቅጠል ዋግ በኢትዮጵያ መኖሩ በ1934 ተመዝግቧል። ሆኖም በሴሎን የደረሰው ዓይነት ጥፋት አልደረሰም። በደን ጥላ ሥር ልዩ ልዩ ዘር ያላቸው ዛፎች ጎን ለጎን ስለሚበቅሉ አንዱ ሲታመም ሌላው ይቆማል፤ ዋጉን ራሱን የሚመገብ ሌላ ፈንገስም አብሮ ይኖራል። በአንጻሩ በ1970 ዋግ ወደ ብራዚል ሲሻገር፣ በኋላም በ2012 እና በ2013 መካከለኛው አሜሪካን ሲያጠቃ የሴሎን ታሪክ በከፊል ተደገመ።

ኢትዮጵያ ራሷ የተፈተነችው በሌላ ሻጋታ ነው። በኬንያ በ1922 የታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 በኢትዮጵያ ተገኘ። አረንጓዴውን ፍሬ አጥቁሮ የሚያደርቀው ይህ በሽታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ብዙዎቹ የቡና አካባቢዎች ተዛመተ። መዳብ ያለበትንና ሌላም መድኃኒት መርጨት ለጊዜው ረዳ፤ ነገር ግን በጓሮው ጥቂት እግር ቡና ላለው ገበሬ ወጪው የሚቻል አልነበረም። ስለዚህ ባለሙያዎች ወደ ደኑና ወደ ገበሬው ማሳ ገቡ። በሽታው ባጠቃው መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙትን ዛፎች እየለዩ ዘራቸውን በጂማ አጠገብ በሚገኘው የመልኮ ምርምር ጣቢያ ፈተኑ። በ1974 ተመርጠው ቁጥራቸው በ74 የሚጀምር ዝርያዎች ከዚህ ሥራ የተገኙ ናቸው፤ ከእነሱም መካከል 74110 እና 74112 ለገበሬው ተሰራጭተዋል። ዋርድ በሴሎን ኮረብታ ላይ ሊያገኘው ያልቻለው መድኃኒት በኢትዮጵያ ደን ውስጥ ነበር። ደኑ ሲመነጠር አብሮ የሚጠፋውም ይኸው መድኃኒት ነው።

ለጓሮው የሚተርፍ ትምህርት

በ1950 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በተከፈተበት በአራት ኪሎ፣ የብሔራዊ ዕፀዋት ቤትም በሚገኝበት የሳይንስ ግቢ፣ ከዚህ ማኅበር ባልደረቦች ብዙዎቹ ስፖርን ለመጀመሪያ ጊዜ በማይክሮስኮፕ አይተዋል። ከግቢው ወጥተው በአጥሩ ዙሪያ ያለውን ጽጌረዳ ሲያዩ የሚያስፈልጋቸው ዕውቀት ከዚያው የተለየ አይደለም። ጥቁር ነጠብጣብም ሆነ የጽጌረዳ ዋግ የሚጀምረው ቅጠል ላይ ለሰዓታት ከሚቆይ ውኃ ነው። ስለዚህ ጽጌረዳ የሚጠጣው ከሥሩ፣ በጧት መሆን አለበት። ቅርንጫፉ ነፋስ እንዲያልፍበት ይገረዛል፤ ችግኙም ተራርቆ ይተከላል። ነጠብጣብ የያዘ የረገፈ ቅጠል ከግንቦት ማለቂያ በፊት ተለቅሞ ከግቢው ይወገዳል፤ የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ስፖሩን ረጭቶ ወደ አዲሱ ቅጠል የሚያወጣው ከዚያ ነውና።

የመዳብም ሆነ የድኝ መድኃኒት የሚረጭ ከሆነ ጊዜው ቅጠሉ ገና ጤነኛ ሳለ፣ ዝናቡ ከመበርታቱ በፊት ነው። ዝናብ ስለሚያጥበውና አዲስ ቅጠል ስለሚወጣ በየጊዜው ይደገማል። መጠኑ ግን ይጠበቃል፤ በብርድና በርጥበት ወራት የበዛ መዳብ ለጋ ቅጠልን ያቃጥላል፤ ለዓመታት ሲደጋገምም በአፈር ውስጥ ይከማቻል። ከሁሉ በላይ አንድ ዓይነት ጽጌረዳ በአጥሩ ሙሉ ከመደርደር ልዩ ልዩ ዝርያ፣ በተለይም በሽታ የሚቋቋመውን፣ አቀላቅሎ መትከል ይበልጣል።

ሴሎን አንድ ዓይነት ተክል በኮረብታው ሁሉ ላይ ደርድራ ምን እንደደረሰባት ከላይ ተነግሯል። አንድ ወጣት ሊቅ ደስ የሚያሰኝ መልስ ከመስጠት እውነተኛውን መልስ መስጠትን በመምረጡ የሴሎንን ቡና አላዳነም፤ ነገር ግን ከእሱ በኋላ የመጡት የት መጀመር እንዳለባቸው አወቁ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ተረት ለዕፀዋት ሐኪም የሙያው መመሪያ ነው። ማርሻል ዋርድም ዕድሜውን የፈጸመው ይህን መመሪያ በማይክሮስኮፕ ሲያረጋግጥ ነው።